በጀጎል ግንብ ውስጥ ከካሜራ ጋር አራት ቀን

በዚህ ወር የምናወጋችሁ ስለ ሐረር ነው። ሐረርን በዐይኑ ባያያት እንኳ በዝና የማያውቃት የለም፤ ስለ ታሪኳም ከእኛ የተሻሉ ብዙዎች ጽፈዋል። እኛን ወደዚያ የወሰደን ግን ሌላ ጉዳይ ነበር፤ አንዲት እናት ፎቶ ልናነሣ ነው የሄድነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን አንዲት ጎረቤት የሐረር ተወላጅ ናት። ወላጅ እናቷ ዛሬም በጀጎል ውስጥ በቀድሞ ቤታቸው ይኖራሉ። ወንድሟ ደግሞ ቶሮንቶ ከገባ 19 ዓመት ሞላው። እናትና ልጅ በስልክ በምስል ይነጋገራሉ፤ ዳሩ ግን እናትየው ስልኩን እንደ ድሮው ከጆሯቸው ላይ ስለሚለጥፉት ልጁ የሚያየው የጆሯቸውን ጉትቻና የሻሻቸውን ጠርዝ ብቻ ነው። እርሱ የፈለገው ከግድግዳ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ነበር፤ እናቱ በገዛ ቤታቸው፣ እርሱ በሚያውቀው ቦታቸው ተቀምጠው። ጎረቤታችን ይህን ከነገረችን በኋላ፣ "እናንተ ትልቅ ካሜራ ገዝታችኋል አይደል?" አለችን።

መግዛቱን ገዝተናል። ዱባይ የሚሠራ ዘመዳችን ያመጣልን ያገለገለ ኒኮን ዲ3500 ነው። ዲኤስኤልአር ከሚባሉት ወገን ሲሆን፣ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚደርስ ሌንስ አለው። እነዚህ ካሜራዎች ሆዳቸው ውስጥ መስታወት አላቸው። በሌንሱ የገባው ብርሃን በመስታወቱ ተንጸባርቆ ወደ ዐይን ማያዋ ቀዳዳ ይወጣል፤ ቁልፉን ሲጫኑት መስታወቱ "ቀጭ" ብሎ ወደ ላይ ይነሣና ብርሃኑ ከኋላው ወዳለው ሴንሰር ያልፋል። እኛ ከዚህ ሁሉ የምናውቀው "ቀጭ" የሚለውን ድምፅ ብቻ ነበር። ለስድስት ሳምንት ያነሣነው የልጃችንን የትምህርት ቤት ጫማና የጎረቤትን ድመት ነው። ቢሆንም፣ "ኢንሻአላህ እናነሣቸዋለን" ብለን ቃል ሰጠን።

እኛ ባልና ሚስት ከ13 ዓመት ልጃችን ጋር በአውሮፕላን ድሬዳዋ ወረድን፤ ከዚያም በሚኒባስ የደንገጎን ጠመዝማዛ አቀበት ወጣን። ከድሬዳዋ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን የአየሩ ለውጥ የሌላ አገር ያህል ነው። ከታች በሙቀት የተቀበለችን ፀሐይ ከላይ በንጹሕና በነፋሻ አየር ውስጥ ጠበቀችን። ይህ አየር ለሰው እንጂ ለጀማሪ ፎቶ አንሺ እንደማይመች የገባን ቆይቶ ነው።

ዩኔስኮ ጀጎልን እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በውስጧ 82 መስጊዶች እንዳሉ አስፍሯል፤ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የቆዩ ናቸው። ይህ ሁሉ በእግር በአንድ ጧት ሊዞሩት በሚችሉት ግንብ ውስጥ ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። ከጥንት የነበሩት በሮቹ አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ከግንቡ ሥር ጅብ ሾልኮ ገብቶ የመንደሩን ጥራጊ የሚያጸዳባቸው ቀዳዳዎች ሳይቀሩ አሉ። ስለ ሐረር ጅብ ግን ብዙ ስለተባለ እኛ አንጨምርም፤ ያነሣነውም የጅብ ፎቶ ሁለት የሚያበሩ ዐይኖችና ጨለማ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን እኩለ ቀን ላይ ካሜራውን አንግተን ወደ መተላለፊያዎቹ ገባን። ግድግዳው ነጭ ነው፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ነው፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ነው። ሰዎች ደማቅ ልብስ ለብሰው በአጠገቡ ያልፋሉ። እንዴት ያለ ፎቶ ነው የምንሠራው ብለን ተደሰትን። ማታ ማረፊያችን ገብተን ስናየው በኖራ የተቀባው ነጭ ግድግዳ እንደ አመድ ግራጫ ሆኗል፤ የሰዎቹ ፊት ደግሞ ከጥላ አልተለየም። ዐይናችን ያየው ሌላ፣ ካሜራው የመዘገበው ሌላ።

ልጃችን መመሪያውን ስታነብ አምሽታ ምክንያቱን አገኘችው። ካሜራው ከፊቱ ያለው ነገር ነጭ ግድግዳ ይሁን ጥቁር ጨርቅ አያውቅም። የሚያውቀው ብርሃኑን አማካይ አድርጎ ወደ ግራጫ ማምጣት ብቻ ነው። ስለዚህ ነጭ ግድግዳ ሲያይ "ይህ በዝቷል" ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ግድግዳውም ግራጫ ይሆናል፤ ከፊቱ የቆመው ጠይም ሰውም አብሮ ይጨልማል። መድኃኒቱ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጭኖ መሽከርከሪያውን ወደ መደመር ማዞር ነው። ለነጭ ግድግዳ አንድ ወይም አንድ ተኩል መደመር፤ ጥቁር ጨርቅ ፎቶውን ሲሞላው ደግሞ መቀነስ። የሰው ፊት ከሆነ ወደ ሰውየው ቀርቦ ብርሃኑን በፊቱ ላይ መለካት ይሻላል። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያልተማርነውን በአንድ ማታ ተማርን ማለት ነው።

በማግሥቱ ጧት ደግሞ አንድ ሌላ መምህር መጣልን። በተኛንበት ክፍል የእንጨት መስኮቱ መዝጊያ ላይ የጥፍር ያህል ቀዳዳ ነበረች። ፀሐይ ሲወጣ ልጃችን ጮኸች፤ ስናይ በተቃራኒው ግድግዳ ላይ መተላለፊያው ተገልብጦ ተሥሏል! የማዶው ሰማያዊ ግንብ ከላይ፣ ሰማዩ ከታች፤ እንጨት የጫነች አህያ እግሯን ወደ ላይ አድርጋ አለፈች። ሱብሐነላህ! በባስራ እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ የተወለደው ታላቁ ምሁር ኢብኑል ሀይሠም ይህንኑ ነገር መርምሮ ጽፏል። "ኪታቡል መናዚር" በተባለው ሰባት ክፍል መጽሐፉ፣ የምናየው ከዐይናችን ጨረር ወጥቶ ሳይሆን ከነገሩ ብርሃን ወደ ዐይናችን ስለሚመጣ መሆኑን በሙከራ አስረድቷል። ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ከላይ የመጣው በቀዳዳው አልፎ ታች ያርፋል፤ ከታች የመጣውም ላይ። በእጃችን ያለው ካሜራም ከዚያች ጨለማ ክፍልና ቀዳዳ የተለየ አይደለም። ቀዳዳዋን ብንሸፍናት ሥዕሉ ጠፋ፤ በጣታችን ብናጠባት ሥዕሉ ደብዝዞ ግን ጠርቶ ታየ። በካሜራው ላይ "ኤፍ" እየተባለ የሚጻፈው ቁጥር ይኸው ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል። በዚህ ጉዳይ ልጃችን ከእኛ ቀድማ ገባት።

ከዚያ በኋላ በልበ ሙሉነት ወጣን። ልብስ ሰፊዎቹ በረድፍ ተቀምጠው የስፌት መኪናቸውን የሚያንጫርሩበት መንገድ "መኪና ግርግር" ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው ከድምፁ ነው ይላሉ። እዚያ ስለ ፍጥነት ተማርን። መዝጊያው በሴኮንድ 1/500 ሲከፈት የመኪናው ጎማ እንደ ቆመ ሆኖ ይወጣል፤ በ1/15 ሲከፈት ጎማው እንደ ጭስ ይሟሟል፤ ሰፊው ራሱ ግን ካልተንቀሳቀሰ ጥርት ብሎ ይቀራል። አንዱ ሰፊ ሁለቱን ፎቶ አይቶ የቱን እንደወደደ ስንጠይቀው፣ "ይቺኛዋ ትሠራለች፣ ያቺኛዋ ተበላሽታለች" አለን። የቆመችዋን ነው ተበላሽታለች ያለው።

ስለ ፈቃድ መጠየቅም አንድ ቃል እንበል። ከአንድ መስጊድ ደጃፍ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ሰላምታ ሰጥተን ካሜራውን ስናሳያቸው ፈገግ ብለው በእጃቸው "ይቅር" አሉን። በሥዕልና በፎቶግራፍ ጉዳይ ዑለሞች የተለያየ አስተያየት እንዳላቸው አንባብያን ያውቃሉ፤ እኛም እዚህ ፈትዋ ልንሰጥ አልመጣንም። ካሜራውን ከቦርሳው ከትተን አጠገባቸው ተቀመጥን፤ ስለ ከተማይቱ ለግማሽ ሰዓት ያጫወቱን ያኔ ነው። በገበያው ያሉ አንዲት ሴት ደግሞ "እኔን ተዉኝ፣ ሰፌዱን አንሡት" አሉን፤ ሰፌዱን አነሣን። እንዲያውም ከሁሉ ያማረው ፎቷችን እርሱ ነው። ሳያስፈቅዱ ከሩቅ ነጥቀው የሚያነሡ ጎብኚዎች ብዙ አየን። ሰውየው ዘወር ሲል እነርሱም ዘወር ይላሉ። ነገሩ ከስርቆት የሚለየው በምን እንደሆነ አልገባንም።

በሁለተኛው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ እናትየው ቤት ሄድን። የሐረሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ያየውን አይረሳም። ከግቢው በር ሲገቡ ዋናው ክፍል ፊት ለፊት ይከፈታል። ወለሉ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ባሉ፣ ቀይ በተቀቡ መቀመጫዎች የተሠራ ነው፤ እነዚህም "ነደባ" ይባላሉ። ከግድግዳው ሳህንና ስፌት ተሰቅሏል። እያንዳንዱ ነደባ የራሱ ስምና ባለቤት አለው፤ "አሚር ነደባ" የሚባለው የአባወራው ቦታ ነው። እናትየውን ልጃችን እንደ አገሩ ወግ "አዴ" ስትላቸው ደስ አላቸው፤ ጉንጯን ይዘው ዱዓ አደረጉላት።

"አዴ፣ ከዚህ ቢቀመጡ ብርሃኑ ይሻላል" ብለን አሚር ነደባውን አሳየናቸው። "የለም፤ እርሱ የሰውዬው ቦታ ነው" አሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ምንጣፉና ትራሱ ግን እንደተነጠፈ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም። እርሳቸው ከጎን በራሳቸው ቦታ ተቀመጡ። እኛም አነሣን። አሥራ ሁለት ፎቶ።

ያን ማታ የሠራነውን ስሕተት አሁን እንኳ ስናወራው ያሳፍረናል። ፎቶዎቹን ወደ ላፕቶፕ ገለበጥን። ካሜራው ያስቀመጣቸው ጄፔግ በሚባለው፣ ብርሃኑና ቀለሙ አስቀድሞ በተወሰነበት ዓይነት ነበር። ከቀዩ ወለል የሚንጸባረቀው ብርሃን ፊታቸውን አቅልቶታል። እኛም ማረሚያ ፕሮግራሙን ከፍተን አንዱን መዘውር ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ግራ ማድረግ ጀመርን። ቅላቱን ቀነስን፤ ጥሩ ሆነ። ፊታቸውን አበራን፤ ጥሩ ሆነ። ትንሽ ጨመርን። ከዚያ "ቆዳን ማለስለሻ" የምትል አገኘን። ግንባራቸው ላይ ያለውን መስመር አጠፋን፤ ከአገጫቸው ያለችውን ጥቁር ምልክት አጠፋን። በመጨረሻም ከጎናቸው ያለው ባዶ ቀይ ቦታ ፎቶውን ያሰፋዋል ብለን ቆርጠን ጣልነው። ያማረ መሰለን። በዚያው ስም፣ በዚያው ፋይል ላይ አስቀመጥነው፤ ካርዱንም ለነገ ይለቀቅ ብለን አጸዳነው። የቀሩትን አሥራ አንዱንም "አያስፈልጉም" ብለን ሰርዘናቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን በደስታ ይዘን ሄድን። እናትየው መነጽራቸውን አድርገው ላፕቶፑን ቀርበው አዩት። ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ልጃችን ዞረው "ይቺ ማናት?" አሏት።

"እርስዎ ነዎት፣ አዴ።"

"እኔ እንዲህ ነኝ?" ጣታቸውን ወደ አገጫቸው ወሰዱ። "ልጄ ሕፃን ሳለ ይህቺን ነገር እየነካ ነበር የሚተኛው። ወዴት ወሰዳችኋት?" ጥቂት ቆዩና የፎቶውን ጠርዝ በጣታቸው ዳበሱት። "የአባቱስ ቦታ?"

የምንመልሰው አልነበረንም። ኦሪጅናሉ የለም። "እንደገና እናንሣዎት" አልናቸው። "ዛሬ ደከመኝ" አሉ። እኛ ደግሞ በማግሥቱ ጧት ወደ ድሬዳዋ መውረድ ነበረብን፤ ትኬቱ ተቆርጧል። ከፍተውን ቆም ብለን ስናይ እንግዲህ ከፈጅር በኋላ ብቅ በሉ አሉን፤ ከልባቸው ይሁን ለማሰናበት አላወቅንም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የት እንሂድ ብለን "የራምቦ ቤት" ወደሚባለው ሙዚየም ገባን። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በሐረር ነጋዴ ሆኖ የኖረ ሰው ነው፤ የሚታየው ቤት ግን ከእርሱ በኋላ በህንድ ነጋዴ የተሠራ መሆኑ ይነገራል። ውስጡ የድሮ የሐረር ፎቶዎች አሉበት። ራምቦ ራሱ ካሜራ ከአውሮፓ አስመጥቶ፣ ከተማይቱ በግብጾች እጅ ሳለች እ.ኤ.አ. በ1883 ዓ.ም. ፎቶ አንሥቷል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ለቤተሰቡ የራሱን ፎቶዎች ሲልክ፣ የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ በመሆኑ ፎቶዎቹ እንደነጡበት ጽፎላቸዋል። የእርሱን ፎቶ ውሃ አነጣበት፤ የእኛን ያነጣነው ራሳችን ነን።

ማታ መመሪያውን እንደገና ከፈትን። ልጃችን በካሜራው ውስጥ "ሮው" የምትለውን ምርጫ አበራች። ይህ ጥሬ ፋይል ነው፤ ሴንሰሩ የተቀበለውን ብርሃን ሳያበስል እንዳለ ያስቀምጣል። ፋይሉ ትልቅ ነው፤ ካርድ ቶሎ ይሞላል። ነገር ግን ማረሚያ ፕሮግራሙ በእርሱ ላይ አይጽፍበትም፤ ያዘዝነውን ለብቻ መዝግቦ ኦሪጅናሉን ይተወዋል። ከሳምንታት በኋላ እንኳ ተመልሶ ከመጀመሪያው መጀመር ይቻላል። ለቀይ ክፍል ደግሞ አንድ ነገር አወቅን፤ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ብርሃን ነጭ ነገር አብሮ ቢነሣ፣ ፕሮግራሙን "ነጭ ይህ ነው" ብለው ሲያሳዩት ሌላውን ቀለም ሁሉ በዚያው ያስተካክለዋል።

ከፈጅር በኋላ ስንደርስ እናትየው ነጭ ሻሻቸውን አስረው ተቀምጠዋል። መብራት ጠፍቷል። ከበሩ የሚገባው የንጋት ብርሃን ለዐይን ይበቃል፤ ለካሜራው ግን ጥቂት ነው። አይኤስኦውን 1600 አደረግነው፤ ከዚያ በላይ ብንወስደው እንደ አሸዋ ያለ ነጠብጣብ ይበዛል። መዝጊያው 1/8 ሴኮንድ መቆየት ነበረበት፤ በዚያ ፍጥነት ማንም ሰው በእጁ ይዞ አያምንበትም። ማቆሚያ እግር የለንም። ልጃችን ዐይኗን ስታንከራትት ከጥጉ ሙቀጫ አየች። ገልብጠን በላዩ የታጠፈ ጋቢ አነጠፍን፤ ካሜራውን አስቀመጥን። ቁልፉን በእጅ መጫን እንኳ ስለሚያነቃንቀው፣ ከተጫኑት ሁለት ሴኮንድ ቆይቶ እንዲያነሣ አደረግነው።

"አዴ፣ ልክ 'ቢስሚላህ' ስንል አይነቃነቁ።"

"እኔ መች ተነቃነቅሁ፣" አሉ።

አምስት ፎቶ አነሣን። አንደኛው ላይ ዐይናቸው ተጨፍኗል፤ ሁለተኛው ላይ የጎረቤት ዶሮ ገብታለች። አራተኛው ጥሩ ነው። በግራ እርሳቸው፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፤ በቀኝ ባዶው አሚር ነደባ ከነምንጣፉና ከነትራሱ። ብርሃኑ ከበሩ ገብቶ ፊታቸውን በአንድ ወገን ይዳብሰዋል፤ በሌላው ወገን የግንባራቸው መስመር ሁሉ ይታያል።

አዲስ አበባ ተመልሰን ያረምነው ሦስት ነገር ብቻ ነው። በሻሻቸው ነጭ ላይ ተመርኩዘን ቀለሙን አስተካከልን፤ በጥላ ያለውን ወገን ጥቂት ገለጥ አደረግን፤ ካሜራው በሙቀጫው ላይ ትንሽ ስላዘነበለ ምሰሶውን አቀናን። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። የፈጀን ማሳተሙ ነው። የመጀመሪያው ማተሚያ ቤት ሳንጠይቀው ፊታቸውን አንጥቶ ሰጠን፤ ሌላ ቦታ ሄደን "ምንም አትንኩ" ብለን በ40 በ50 ሳንቲ ሜትር ሁለት ቅጂ አሠራን። አንዱ በሰው እጅ ቶሮንቶ ሄደ፤ አንዱ ሐረር።

ልጁ ፎቶው የደረሰው ቀን ለእናቱ ደውሎ ነበር። ጎረቤታችን እንደነገረችን ስለ እናቱ ፊት ብዙ አልተናገረም። የጠየቀው፣ "ያ የአባቴ ምንጣፍ ያው የድሮው ነው?" ብሎ ነው። "ያው ነው" አሉት። ከዚያ ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

እናትየው የራሳቸውን ቅጂ አልሰቀሉትም። በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውታል አሉን። ጎረቤታችን ምክንያቱን ስትጠይቃቸው፣ "እኔ እዚሁ ተቀምጬ አይደል እንዴ?" ብለዋታል።